ኦርዮን 12/12-30 በሚኒባስ ቤት ላይ፦ ቻርጀሩ ይሠራል፣ ገመዱን አደራ

ፍርዱን እናስቀድም። የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋ፣ ፍሪጅና መብራት ለገባለት ዶልፊን ወይም አባዱላ፣ የቤቱን ባትሪ ከሞተሩ ዲናሞ ለመሙላት የቪክትሮን ኦርዮን-ቲአር ስማርት 12/12-30 ቻርጀር (ከ12 ቮልት ወደ 12 ቮልት፣ 30 አምፔር) ጥሩ ግዢ ነው። ጉድለት አለበት፤ ይሞቃል፣ የሚስበውን አምፔር መቀነስ አይቻልም፣ የባትሪውን ቅዝቃዜ አያውቅም። ሦስቱንም በራስ እጅ፣ በትንሽ ወጪ ማቃለል ይቻላል። መድኃኒት የሌለው በቀጭን ገመድ ሲገጠም ነው። "ይበራል ይጠፋል፣ ተበላሽቷል መሰለኝ" የሚል ቅሬታ ሲሰማ ሳጥኑን ከመፍታት በፊት ከፊት ወንበር ሥር እስከ ኋላ የተዘረጋውን ገመድ መለካት ይቀድማል።

ጣሪያ ላይ ሶላር ካለ ይህ ሁሉ ለምን? የሚል ይኖራል። በበጋ እውነቱን ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ፓኔል ለፍሪጅና ለመብራት አያንስም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሱሉልታ፣ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ግቢ ውስጥ ለቆመ መኪና ሰማዩ ለቀናት አይከፈትም፤ በዚያ ደመና 200 ዋት የተባለ ፓኔል የስሙን ሩብ እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ዲናሞው ደመና አያውቅም። ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ አዳማ እስኪደረስ ባለው አንድ ሰዓት ገደማ ኦርዮኑ ወደ 30 አምፔር-ሰዓት ይሞላል፤ ይህ ለትንሽ ባለ 12 ቮልት ኮምፕረሰር ፍሪጅ የአንድ ቀን ቀለብ ያህል ነው። 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 20 በመቶ ላይ ከደረሰ ለመሙላት ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ይበቃዋል።

ሪሌ ለምን አይበቃም?

ለአንዳንዱ ይበቃል። የቤቱ ባትሪም የአሲድ ከሆነ፣ መኪናውም ዲናሞው በኮምፒውተር የማይታዘዝ አሮጌ ሚኒባስ ከሆነ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ፣ ሲጠፋ የሚለያይ ቮልት አንባቢ ሪሌ በጥቂት ብር ሥራውን ይሠራል። አብዛኞቹ 13.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ያገናኛሉ፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያሉ። የአሲድ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ስለሚበዛ እየሞላ ሲሄድ የሚስበውን ራሱ ይቀንሳል፤ ዲናሞውን አያሠቃየውም።

ሊቲየም ላይ ነገሩ ይለወጣል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ዲናሞው የሰጠውን ሁሉ ይወስዳል፤ እስኪሞላ ድረስም አይቀንስም። የአሮጌ ሚኒባስ ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 አምፔር የሚል ጽሑፍ አለው፤ ያ ግን ሞተሩ በደንብ ሲዞርና ማቀዝቀዣ ክንፎቹ አየር ሲያገኙ ነው። ቃሊቲ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ በሚኒሞ ቆሞ ግማሹንም ላያወጣ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሪሌው ያለ ልክ ሲያስጠባው መጀመሪያ የሚሄዱት ዳዮዶቹ ናቸው። ኦርዮኑ የሚሠራው ዋና ነገር ይህንን መገደብ ነው፤ ከ30 አምፔር በላይ አያወጣም፣ ለባትሪው ዓይነት የሚስማማውን ቮልትም ራሱ ያዘጋጃል። የሞተሩን ቮልት እያየ መሥራትና ማቆም ስለሚችልም የማስነሻ ባትሪው ሌሊት ባዶ አይቀርም።

ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው። መግቢያው ከ10 እስከ 17 ቮልት ይቀበላል። መውጫው እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ 30 አምፔር ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 3 በመቶ ይቀንሳል። ብቃቱ 87 በመቶ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው፦ በ14 ቮልት 30 አምፔር ሲያወጣ 420 ዋት ነው፣ ለዚያ ግን ከዲናሞው 483 ዋት ይወስዳል። ልዩነቱ፣ 63 ዋት፣ እንደ ድሮው 60 አምፖል በሙቀት መልክ ይወጣል። በመግቢያው 12.5 ቮልት ከደረሰው ደግሞ የሚስበው 30 ሳይሆን 39 አምፔር ገደማ ነው። ገመድና ፊውዝ የሚመረጠው በዚህኛው ቁጥር ነው።

ገመዱ

ዶልፊንም አባዱላም ሞተራቸው ከፊት ወንበር ሥር ነው፤ የቤቱ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከኋላ አልጋው ሥር። በመሃል 5 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ሒሳቡ በ10 ሜትር ነው። የመዳብ ተቃውሞ ለአንድ ሜትር፣ ለአንድ ካሬ ሚሊ 0.0175 ኦም ነው። 40 አምፔር ሲያልፍ፦ በባለ 6 (6 ካሬ ሚሊ) ገመድ 1.17 ቮልት ይወድቃል፣ በባለ 10 ገመድ 0.7፣ በባለ 16 ገመድ 0.44፣ በባለ 25 ገመድ 0.28።

አሁን "ይበራል ይጠፋል" የሚባለው ከየት እንደሚመጣ ይታያል። ኦርዮኑ ሞተሩ መጥፋቱን የሚያውቀው መግቢያው ላይ ባለው ቮልት ነው፤ በፋብሪካው አቀማመጥ 13.1 ቮልት ገደማ ሲደርስ "ሞተሩ ጠፍቷል" ብሎ ይቆማል። ዲናሞው 14.2 እየሰጠ፣ ባለ 6 ገመዱ 1.17 ቢበላ፣ ሳጥኑ የሚያየው 13.03 ነው። ይቆማል። ሲቆም በገመዱ የሚያልፍ አምፔር የለም፣ ስለዚህ ቮልቱ ወዲያው ወደ 14.2 ይመለሳል። ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይወድቃል። ሳጥኑ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። አንዳንዶች በስልክ አፑ (ቪክትሮን ኮኔክት) ገብተው የማቋረጫውን ቮልት ዝቅ ያደርጉና "ተስተካከለ" ይላሉ፤ የተስተካከለው ምልክቱ ብቻ ነው፣ ወደ 47 ዋት የሚጠጋው ሙቀት አሁንም ከምንጣፉ ሥር ገመዱ ውስጥ ነው።

ለ5 ሜትር ርቀት ባለ 16 ዝቅተኛው ነው። የኦርዮኑ ተርሚናል ከ16 በላይ አይቀበልም፤ ባለ 25 የሚፈልግ ሰው መጨረሻ ላይ ማገናኛ ዘንግ አስገብቶ በአጭር ባለ 16 መጨረስ አለበት። ለብዙ ሚኒባስ ይህ ድካም አያስፈልግም። ሳጥኑ ከቤቱ ባትሪ ጎን፣ በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ይቀመጥ። በመግቢያው በኩል የሚወድቀውን ቮልት መልሶ ከፍ ያደርገዋል፤ በመውጫው በኩል የሚወድቀውን ግን አያየውም፣ ስለዚህ ረጅሙ ገመድ ምንጊዜም በመግቢያው በኩል ይሁን።

ግዢ ላይ ተጠንቀቁ ከሚያሰኙ ዕቃዎች አንደኛው ይኸው ገመድ ነው። በገበያው ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገመድ አለ፤ ተቃውሞው ከመዳብ በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ጫፉም ተርሚናል ውስጥ ቶሎ ይላላል። አንዱን ክር በምላጭ መፋቅ ነው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ይተዉት። የበለጠ አስተማማኙ ሚዛን ነው። አንድ ሜትር ባለ 16 ገመድ መዳቡ ብቻ 143 ግራም ይመዝናል። ከነፕላስቲኩ ከ140 በታች ከሆነ ወይ ውፍረቱ ተሰርቋል ወይ ውስጡ መዳብ አይደለም። የብየዳ ማሽን ገመድ ጥሩ ምትክ ነው፤ ክሮቹ ቀጫጭንና ብዙ ስለሆኑ ንቅናቄ ይችላል፣ ጎማ ልባሱም ጠንካራ ነው። የቤት ዝርጋታ አንድ ወጥ ሽቦ ግን ለመኪና አይሆንም፤ ኮብልስቶን ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሰበራል።

ሶማሌ ተራ ለዕቃ ፍለጋ ሲወጡ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ባለ 16 ቀይ ገመድ 6 ሜትር፣ ጥቁር 6 ሜትር፤ 60 አምፔር ሚዲ ፊውዝ 4 (ሁለቱ መለዋወጫ) ከ2 ማስቀመጫ ጋር፤ ለባለ 16 የሚሆን የመዳብ ተርሚናል 10፣ ቀዳዳው ከባትሪውና ከፊውዙ ብሎን ጋር የሚገጥም፤ ለሳጥኑ መግቢያ ክሩን የሚሰበስብ የመዳብ ቱቦ ጫፍ 4፤ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ፤ የተሸበሸበ ፕላስቲክ ቱቦ 6 ሜትር፤ ላሜራ ለሚበሳበት ቦታ የጎማ ቀለበት፤ ለሞተር ቁልፍ ምልክቱ ባለ 1 ሽቦ 6 ሜትርና የ1 አምፔር ፊውዝ። የካሴት ማጉያ ገጣሚዎች የሚሸጡት በመስታወት ያለ ትልቅ ፊውዝ ማስቀመጫው በሙቀት ስለሚቀልጥ አይመከርም።

ተርሚናሉን በመዶሻ መጠፍጠፍ የተለመደ ነው፤ አይሁን። ስድስት ጎን የሚጨምቅ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ የሌለው ሰው ገመዱን ለክቶ ቆርጦ፣ ተርሚናሎቹን ይዞ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ ሄዶ ማስጨመቅ ይችላል፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በስታኞ መሙላትም ለወፍራም ገመድ ጥሩ አይደለም፤ ስታኞው በክሮቹ ውስጥ ሽቅብ ይሄድና የደረቀበት ጠርዝ ላይ ገመዱ ይሰበራል።

ገጠማው በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የማስነሻ ባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ፖዘቲቩን በሚፈቱበት ጊዜ መፍቻው ቦዲ ቢነካ እንኳ ሾርት እንዳይሆን። የሊቲየሙ ባትሪም እንዲሁ። ገመዶቹ በቱቦ ገብተው ከማርሚታና ከነዳጅ ቱቦ ርቀው ይዘርጉ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይታሰሩ። ጥቁሩን ገመድ ትቶ ቦዲውን እንደ መመለሻ መጠቀም ይቻላል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል፤ በአሮጌ ሚኒባስ ግን የሞተርና የቦዲ ማገናኛው የዛገ ስለሆነ የሚቆጠበው ገመድ ኋላ በፍለጋ ይከፈላል።

ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ። ይህ በብዛት የሚረሳው ነው። ረጅሙ ገመድ በአንድ ጫፉ የማስነሻው ባትሪ አለ፣ በሌላው በሳጥኑ በኩል የቤቱ ባትሪ አለ፤ ከየትኛውም ወገን እሳት ሊመጣ ይችላል። አንዱ 60 አምፔር ፊውዝ ከማስነሻው ባትሪ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከቤቱ ባትሪ በዚያው ርቀት። የሊቲየሙ ባትሪ ዋና ፊውዝ፣ ወደ ኢንቨርተር (12 ቮልትን ወደ 220 የሚለውጠው) የሚሄደው ማለት ነው፣ ለብቻው ነገር ነው፤ ሊቲየም ሾርት ሲሆን በሺህ የሚቆጠር አምፔር ስለሚያፈስ ተራ ፊውዝ ከተቃጠለም በኋላ በብልጭታው ኤሌክትሪክ ሊያሳልፍ ይችላል። እዚያ ላይ ክላስ ቲ የሚባለውን ይፈልጉ።

ሳጥኑ ራሱ ቆሞ ይገጠም፣ ክንፎቹ ሽቅብ እንዲሆኑ፤ ከላይና ከታች ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑረው። ከብርድ ልብስና ከስፖንጅ ይራቅ። ከኋላው ኮምፔንሳቶ ሳይሆን 2 ወይም 3 ሚሊ የአሉሚኒየም ላሜራ ቢደረግ የተሻለ ነው። የሞተር ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ሙቀቱም አቧራውም ከአቅሙ በላይ ነው።

ከዚያ ቀጭኗ ሽቦ። በሳጥኑ ላይ ኤልና ኤች የሚሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉበት አረንጓዴ ሶኬት አለ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ በአጭር ሽቦ ተገናኝተዋል። ሽቦዋን ነቅለው፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ 12 ቮልት ከሚያገኝ መስመር በ1 አምፔር ፊውዝ በኩል አንድ ሽቦ ወደ ኤች ያምጡ። በአፑ ደግሞ የሞተር መጥፋትን በቮልት የማወቁን ሥራ ያጥፉት። ከዚህ በኋላ ቻርጀሩ በግምት አይሠራም፤ ቁልፍ ሲከፈት ይነሳል፣ ሲዘጋ ይቆማል። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍቶ ሬዲዮ ማዳመጥ የሚወድ ሰው ግን ይህ መንገድ የማስነሻ ባትሪውን ሊያወርድበት ስለሚችል በቮልት የሚያውቀውን ሳያጠፋ እንደ ነበረ ያቆየው።

ያቺው ሽቦ ሁለቱን የሳጥኑን ጉድለቶች ትሸፍናለች። አምፔሩን መቀነስ አይቻልም ብለናል፤ ነገር ግን ሽቦዋን በዳሽቦርዱ ላይ ባለ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ካሳለፏት፣ ሌሊት በዝናብ፣ የፊት መብራት፣ ዋይፐርና ቬንትሌተር አንድ ላይ ሲሠሩ በአንድ ጣት ቻርጀሩን ማሳረፍ ይቻላል። ዲናሞው ደክሞ ከሆነ በሚኒሞ ላይ ሲቆሙም እንዲሁ። ብርዱም በዚያው መንገድ ይያዛል። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ከተሞላ በውስጡ ሊቲየሙ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። አዲስ አበባ ዙሪያ ከዜሮ በታች ብርቅ ነው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ ግን ከ4000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፣ በበጋ ሌሊት እዚያ ውርጭ ይጥላል። ጥሩ ባትሪ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ መሙላቱን ይዘጋል። ርካሹ ላይዘጋ ይችላል፤ ሻጩንም በቃል ማመን አይበጅም፣ መመሪያው ላይ የቅዝቃዜ መከላከያ መጻፉን ይዩ። ከሌለ፣ ከ5 ዲግሪ በታች መስመሩን የሚያቋርጥ የሙቀት ማብሪያ ባትሪው ጎን ላይ ተለጥፎ የኤች ሽቦ በእሱ በኩል ይለፍ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

አፑ ላይ የቀረው አጭር ነው። "ቻርጀር" የሚለው መመረጡን ያረጋግጡ፤ "ፓወር ሰፕላይ" ላይ ከሆነ አንድ ቋሚ ቮልት ብቻ እያወጣ ባትሪው አይሞላም። ለሊቲየም 14.2 መሙያ፣ 13.5 ማቆያ ይበቃል። ለአሲድ ባትሪ የባትሪውን ጽሑፍ ይከተሉ።

ሙቀቱ

በጣም የሚያስተዛዝበው ነገር ይኸው ነው። ሳጥኑ ማራገቢያ የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ንፋስ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። የብዙ ኤሌክትሪክ መሣሪያ መመሪያ የሚናገረው እስከ 2000 ሜትር ስላለው ሁኔታ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ይህን የእኛ ብርድ ይክሰዋል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከአልጋ ሥር ግን ብርዱ አይደርስም። ወደ አፋር ወይም ወደ መተማ ለሚወርድ ደግሞ ከፍታው ይቀርና ሙቀቱ ይተካዋል፤ ክፍሉ 45 ዲግሪ ከሆነ 30 የተባለው ወደ 25.5 አምፔር ይወርዳል።

መድኃኒቱ የኮምፒውተር ማራገቢያ ነው። 12 ቮልት፣ 120 ሚሊ ሜትር፣ ከታች ወደ ላይ በክንፎቹ መሃል እንዲነፍስ ሆኖ ይገጠም። ኬኤስዲ 301 የሚባለውን፣ በ45 ዲግሪ መስመሩን የሚያገናኘውን የሙቀት ማብሪያ ክንፉ ላይ አጣብቀው ማራገቢያውን በእሱ በኩል ያገናኙ፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይነሳል። ሲገዙ "በተለመደው ክፍት" የሆነውን ይጠይቁ፤ ተቃራኒው ዓይነት በመልክ አንድ ነው፣ ማራገቢያው ሳጥኑ ሲቀዘቅዝ ይዞርና ሲግል ይቆማል።

ሥራውን መፈተሽ

አፑ የሚያሳየው ቮልት ብቻ ነው፤ አምፔር አያሳይም። በዚህ ዋጋ ይህ ቅር ያሰኛል። ስለዚህ ገመዱን ቆንጥጦ አምፔር የሚለካ ሜትር ያስፈልጋል፤ ሲገዙ የዲሲ አምፔር ምልክት እንዳለው ይዩ፣ በገበያ ላይ ያሉት ርካሾቹ ብዙዎቹ የሚለኩት ኤሲ ብቻ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ በመጠኑ ከፍ ባለ ዙር እያለ፣ የቤቱ ባትሪም ጎድሎ እያለ ይለኩ። ማስነሻው ባትሪ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት፤ የኦርዮኑ መግቢያ ላይ ከዚያ ቢበዛ በ0.5 ያነሰ። መውጫው ላይ 30 አምፔር ገደማ፤ መግቢያው ላይ እንደ ቮልቱ ከ34 እስከ 39። የሊቲየሙ ቮልት ለረጅም ጊዜ 13.4 አካባቢ ተንጠልጥሎ ቢቆይ አይደንግጡ፣ ባሕርዩ ነው፤ ወደ 14.2 የሚወጣው ሊሞላ ሲል ነው። የወደቀው ቮልት ከ0.5 ከበለጠ ሜትሩን በሚሊቮልት አድርገው በእያንዳንዱ ተርሚናል ላይ ከብሎኑ እስከ ገመዱ ይለኩ። ደህና የተጨመቀ ተርሚናል ጥቂት ሚሊቮልት ነው የሚያሳየው፤ 50 ካሳየ ጥፋተኛው እሱ ነው፣ በእጅም ሲነኩት ይሞቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የፊውዝ ማስቀመጫዎቹን መዳሰስ አይርሱ።

ስለ ሌሎቹ አማራጮች

ገንዘብ ለማይቸግረው የዚያው ኩባንያ ኦርዮን ኤክስኤስ 12/12-50 ይሻላል፤ ብቃቱ እስከ 98.5 በመቶ ስለሚደርስ ሙቀቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ አምፔሩንም በአፑ መወሰን ይቻላል። ከላይ የጻፍናቸው ግማሾቹ ብልሃቶች አያስፈልጉትም። የሬኖጂ ዲሲሲ50ኤስ ዲናሞና ሶላር በአንድ ሳጥን የሚይዝ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን በሶላር በኩል ከ25 ቮልት በላይ አይቀበልም። እኛ ዘንድ ለቤት የሚሸጡት ትልልቅ ፓኔሎች ክፍት ቮልታቸው (ምንም ሳይሰካባቸው ሲለካ) ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል፤ አንዱን ሰክቶ ሳጥኑን ማቃጠል ይቻላል። ስም የሌላቸው "30 አምፔር" ሳጥኖች ላይ የሚወጣውን ሽቦ ይመልከቱ፤ 30 አምፔር ተብሎ ባለ 2.5 ሽቦ የወጣለት ዕቃ ስለ ራሱ ተናግሯል።

አይሱዙ ኤንፒአር ያለው ይህን ሞዴል አይግዛ፤ መኪናው 24 ቮልት ነው፣ 24/12 የሚለውን ይፈልጋል። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ነክሶ 12 ቮልት መውሰድ በየጋራዡ የሚታይ ጥፋት ነው፦ የተነከሰው ባትሪ ይጎድላል፣ ዲናሞው ግን ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚሞላ ያልተነከሰው ከልክ በላይ ተሞልቶ ውሃውን ይጨርሳል። በወራት ውስጥ ሁለቱም ይሄዳሉ።

"አይሶሌትድ" (የመግቢያውና የመውጫው ኔጌቲቭ የተነጠለ) ወይስ ያልሆነው? ቦዲው ብረት ለሆነና ኔጌቲቩ የጋራ ለሆነ ሚኒባስ ያልተነጠለው ይበቃል። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ ራስዎ ያንብቡ።

ለምጣድ የሚያስብ ካለ፣ ይህን ሁሉ ይርሳው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ በ12 ቮልት ከ250 አምፔር በላይ ማለት ነው። 1000 ዋት የቡና ምድጃ እንኳ በኢንቨርተር በኩል ወደ 90 አምፔር ይስባል፤ ጀበናው እስኪፈላ የአንድ ሰዓት መንገድ ሙሌት ግማሹ ሊሄድ ይችላል። ቡናው በጋዝ ይፈላ። ከግቢ 220 ቮልት የሚሰካበት መስመርም ከዚህ ጽሑፍ ውጭ ነው፤ እሱን 30 ሚሊአምፔር የሚያነብ የንዝረት መከላከያ ብሬከር አስገብቶ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራው።

ሲገዙ ባትሪ ያለበት ቦታ ላይ ይሞክሩት። 12 ቮልት ሲነካ ብሉቱዙ ይነሳል፤ ቪክትሮን ኮኔክት በሚባለው ነፃ አፕ ላይ የሞዴሉ ስም ካልወጣ፣ ወይም አፑ ላይ የሚታየው መለያ ቁጥር ከጎኑ ከተለጠፈው ካልገጠመ ገንዘብዎን አይክፈሉ። የይለፍ ቁጥሩ እዚያው ተለጥፏል፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ ስድስት ዜሮ ነው፤ ከገጠማው በኋላ ይለውጡት፣ አለዚያ አጠገብዎ የቆመ ማንም ሰው በስልኩ ሊያጠፋው ይችላል። የኩባንያው ዋስትና 5 ዓመት ነው፣ ግን የሚሠራው በሻጩ በኩል ስለሆነ ደረሰኝ ያላወጣ ሻጭ ዋስትና አልሰጠም ማለት ነው።

ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላ የተርሚናሎቹን ብሎኖች በሙሉ እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የመዳብ ክር ተጭኖ ሲቀመጥ ይላላል። የኦርዮኑን መግቢያ ብሎኖች በትልቅ ካቻቢቴ አያስጨንቋቸው፣ ክራቸው ስስ ነው። በበጋ ወር አንድ ጊዜ አቧራውን ከክንፎቹ መሃል በቀለም ብሩሽ ይጥረጉ፣ ማራገቢያውንም በጣት አዙረው ይዩት፤ የፒስታ አቧራ መጀመሪያ የሚያቆመው እሱን ነው።